በሩ ክፍት ነው፤ ከዚያስ?

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህታቸው ልጅ ናቸው። እሳቸው ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የተቃረቡ፣ ዜና የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። እሷ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ፣ የተማሪዎች አማካሪ ናት። ክርክሩን ያስነሣው የአጎትየው የመጨረሻ ልጅ ነው፤ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት ሳለ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የምጀምረው» ብሎ ቤቱን አምሶታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ ልጄን አሳምነሽ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ አሉ።

አማካሪዋ፦ ማንንም አላስቀረሁም ጋሼ። ዋጋውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በአገር አቀፍ አማካይ በዓመት 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ያስከፍላል፤ የራስ ስቴት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ። መኝታና ምግብ ሳይቆጠር ማለት ነው። የቀረውን ሒሳብ የሠራው ራሱ ነው።

ጋሼ፦ የቆረቆረኝ ገንዘቡ አይደለም። ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ «ልጅዎ የት ገባ?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ ነው? ኮሚኒቲ ኮሌጅ ካልኩ ልጁ የወደቀ ነው የሚመስላቸው።

አማካሪዋ፦ ከሚጠይቁዎት ሰዎች መካከል ነርስ የሆኑት ስንቶቹ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ናቸው የጀመሩት? ባለቤትዎ እትዬስ እንግሊዝኛቸውን የት ተማሩ?

ጋሼ፦ እሱን ተይው፤ ሰው ካለፈለት በኋላ የራሱን አያስታውስም። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተማሪ እየሸሻችሁ ነው ይባላል። ነገ ሊዘጋ ወደሚችል ቤት ልጄን ለምን እልካለሁ?

አማካሪዋ፦ መሸሹ እውነት ነበር። በ2010 ግድም ቁጥራችን ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ ኢኮኖሚው ወድቆ ከሥራ የወጣው ሁሉ ወደ ክፍል ስለመጣ። ከዚያ ወዲያ እስከ 2021 ድረስ ከሲሶ በላይ ተማሪ አጣን። በ2020 መኸር፣ በኮቪድ ጊዜ፣ በአንድ ዓመት ብቻ 10 በመቶ ቀነሰ። ከ2023 ወዲህ እያንሰራራ ነው። ግን የተመለሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁኝ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ማን ነው?

አማካሪዋ፦ ከፍ ያለ ድርሻ ያለው የሃይስኩል ተማሪ ነው። በአገሪቱ ከአምስት የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ አንዱ ገና ሃይስኩል ያልጨረሰ ልጅ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ይማራል። ደግ ነገር ነው፤ ልጁ ሲመረቅ ክሬዲት በእጁ ይዞ ይወጣል። ኮሌጁ ግን በእነሱ ብቻ አይኖርም። አሜሪካ ውስጥ የሚወለደው ሕፃን ከ2007 በኋላ እየቀነሰ ነው የመጣው፤ የሃይስኩል ተመራቂዎች ቁጥር 2025 ላይ ጫፍ ደርሶ ከዚያ በየዓመቱ እንደሚወርድ ባለሙያዎቹ ቀድመው ተናግረዋል። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ሲያንስ የምትቀረው የሠላሳ አምስት ዓመቷ እናት ናት። እኛ ደግሞ ለእሷ የሚሆን ኮሌጅ አልሠራንም።

ጋሼ፦ እንዴት አልሠራችሁም? የማታ ትምህርት አለ። እኔም ያኔ የሞከርኩት በማታው ነው።

አማካሪዋ፦ ሞክረው ምን ሆኑ?

ጋሼ፦ ተውኩታ! ማታ ነው የታክሲ ገበያው። ዓርብ ማታ ክፍል ተቀምጦ ኪራይ አይከፈልም።

አማካሪዋ፦ አዩ! ኮሌጁ መጀመሪያውንም ለእርስዎ ተብሎ አልተሠራም። የመጀመሪያው የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጆሊየት ላይ ሲከፈት ስድስት ተማሪ ነበረው። የጆሊየት ሃይስኩል ርእሰ መምህር ጄ. ስታንሊ ብራውንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ናቸው የጀመሩት። ሃርፐር ዩኒቨርሲቲው በላይኛው ትምህርትና በምርምር ላይ እንዲያተኩር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሌላ ቦታ እንዲሰጡ ነበር የሚፈልጉት። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 ባወጣው ሪፖርት ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚለውን ስም አስፋፋ፤ በየአካባቢው ይከፈት፣ ለሁሉም ይሁን አለ። ከዚያ ነርስነቱ፣ ብየዳው፣ እንግሊዝኛው፣ ሁሉም ተደራረበ። አሠራሩ ግን የድሮው ነው። የአሥራ አምስት ሳምንት ሴሚስተር፣ ቀን ቀን የሚሰጥ ክፍል፣ ልጅ የሌለው፣ ሥራ የማይገባ ተማሪ።

ጋሼ፦ አሁን ታሪክ ነገርሽኝ። የቸገረው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኔ እንዲታየኝ አድርገሽ ንገሪኝ።

አማካሪዋ፦ ስም ሳልጠራ አንዷን ልንገርዎት፤ የኛው አገር ልጅ ናት። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች፤ በዚህ አገር ሰዓት ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 7። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ነርሲንግ ለመግባት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ መጨረስ አለባት። አናቶሚው ቤተ ሙከራ አለው፤ በሷ ሰዓት የሚሆነው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ሞልቷል። ተጠባባቂ ሆና አንድ ሴሚስተር አለፈ። በሚቀጥለው ቦታ ስታገኝ ደግሞ ያላወቀችው ጥቂት ዶላር ዕዳ ስላለባት ሲስተሙ አላስመዘግብ አላት። ከፍላ ስትመለስ ክፍሉ ሞላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳሉ። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም፤ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው ድገሚ ይሏታል። ሰነፍ እንዳትባል በአንዱም ክፍል ከቢ በታች አላመጣችም።

ጋሼ፦ ታዲያ ክፍል ጨምሩላቸዋ! ነርስ ይጠፋል እየተባለ ሲጮኽ ነው የምሰማው።

አማካሪዋ፦ ማን ያስተምር? የነርሲንግ መምህር ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል፤ ያንን የያዘች ነርስ ሆስፒታል ውስጥ ከኛ ደመወዝ የተሻለ ታገኛለች። በዚያ ላይ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት የሆስፒታል ቦታ የተወሰነ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ይሻሙበታል። በአጠቃላይ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ መምህራን ሁለት ሦስተኛው ገደማ በኮርስ የሚከፈላቸው የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ጠዋት እዚህ አስተምሮ ከሰዓት ሌላ ካውንቲ ይነዳል። ተማሪ ሊያነጋግረው ሲፈልግ ቢሮ የለውም።

ጋሼ፦ እና ምን ይሻላል ነው የምትይው? ማማረር እኔም አያቅተኝም።

አማካሪዋ፦ የተሞከረና የሠራ ነገር አለ። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ኤሳፕ የሚባል ፕሮግራም በኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ጀመረ። ተማሪው ሙሉ ጊዜ ይማራል፤ የትምህርት ክፍያው የጎደለው ይሞላለታል፤ መጽሐፍ ይገዛለታል፤ የባቡርና የአውቶቡስ ካርድ በየወሩ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ተማሪ ብቻ የያዘ አማካሪ ይመደብለታል። ጥናቱ ሲሠራ ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ከኤሳፕ ተማሪዎች 40 በመቶ፣ ከሌሎቹ 22 በመቶ ሆኑ። ኦሃዮ ላይ በሦስት ኮሌጆች ደገሙት፤ 35 በ19 ሆነ።

ጋሼ፦ በአውቶቡስ ካርድ ነው ያስመረቋቸው?

አማካሪዋ፦ ካርዱን የሚወስደው አማካሪውን ሲያገኝ ነው፤ ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው። ሰው በወሩ አማካሪው ፊት ከተቀመጠ የዛሬው ችግሩ ነገ ትምህርቱን ሳያስተወው በፊት ይታወቃል። በአንድ ተማሪ ሲሰላ ወጪው ከተለመደው ይበልጣል፤ በአንድ ተመራቂ ሲሰላ ግን ያንሳል። ይህን ቁጥር ለሚመለከተው ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ሁሉም ይደነቃል፣ በጀት ላይ ግን አይወርድም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሙሉ ጊዜ መማር ግዴታ ነው አላልሽም? ያቺ ሌሊት የምትሠራው ልጅ ታዲያ በየት በኩል ትገባለች?

አማካሪዋ፦ ጥሩ ያዙኝ። አትገባም። እዚህ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ያደረጉትን ነው ማየት። አማሪሎ የሚባል ኮሌጅ ተማሪዎቹን ምን እንደሚያሰናክላቸው ጠየቀ። በመጡት መልሶች ውስጥ ቀዳሚዎቹ አሥሩ ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም፤ የሕፃን መዋያ፣ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ኪራይ እና የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ግቢው መሀል የችግር መፍቻ ቢሮ ከፈቱ፤ ሴሚስተሩንም ለሁለት ከፍለው አብዛኛውን ኮርስ ወደ ስምንት ሳምንት አመጡት። ተማሪው በአንድ ጊዜ አራት ሳይሆን ሁለት ኮርስ ብቻ ይይዛል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የሙሉ ጊዜ ተማሪን ያህል ይጨርሳል። ልጅ ታሞበት አንዱን ቢያቋርጥ የሚያጣው ስምንት ሳምንት ነው፣ ግማሽ ዓመት አይደለም። በ2023 አስፐን የሚባለውን የኮሚኒቲ ኮሌጆች ትልቅ ሽልማት ከሌላ ኮሌጅ ጋር ተካፍለዋል።

ጋሼ፦ ስምንት ሳምንት ካልሽ አይቀር፣ እኔ የማምንበት እሱ ነው። ዲግሪ ዲግሪ ማለቱን ትታችሁ በስምንት ሳምንት አሠልጥናችሁ ሥራ አስገቡ። መንግሥትም ሊከፍል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

አማካሪዋ፦ እሱ ሌላ ስምንት ሳምንት ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል የፔል ግራንት ገንዘብ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ ሥልጠናዎችም እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ። እስከዚያ ከ15 ሳምንት ያጠረ ሥልጠና ለፔል አይበቃም ነበር። ሕጉ ማጥበቂያ አለው፤ ከገቡት 70 በመቶው መጨረስ፣ ከጨረሱት 70 በመቶው ሥራ መያዝ አለባቸው።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ገንዘብ መጣ፣ ሥራ መጣ።

አማካሪዋ፦ የምን ሥራ? ሰርተፊኬት ሁሉ እኩል አይደለም። ቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ላይ ዳታ ሴንተር እንደ አሸን ፈልቷል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለዚያ ቴክኒሻን ያሠለጥናል፤ ያ ሥራ ደመወዝ አለው፣ ማደጊያም አለው። የነርስ ረዳት ሰርተፊኬትም በጥቂት ሳምንት ያልቃል፣ ሥራም በማግስቱ ይገኛል፤ ሁለቱንም መቶኛ ሊያሟላ ይችላል። ግን ቅድም የነገርኩዎት ልጅ ያንን ሰርተፊኬት ይዛ ነው እኮ ስንት ዓመት እዚያው የቆመችው! ሥልጠናው ክሬዲት ሆኖ ወደሚቀጥለው ደረጃ ካልተቆጠረላት፣ ኮሌጁ ርካሽ ሠራተኛ አቅራቢ ሆነ ማለት ነው።

ጋሼ፦ አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ነው እንዲህ የምታወሪው። የወሩ መጨረሻ የደረሰበት ሰው «ወደ ላይ ይቆጠርልኛል ወይ» አይልም። እኔ ያኔ በስምንት ሳምንት የቧንቧ ሥራ ወይም የኤሲ ጥገና የሚያስተምረኝ ባገኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ ዘመን መሪ ይዤ አልቀመጥም።

አማካሪዋ፦ እሱን አልክድም። ለኤሲ ጥገናው እኔም ፈራሚ ነኝ። ክርክሬ ሥልጠናው አይኑር አይደለም፤ ሲያልቅ መንገዱ እንዳይዘጋ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ እሱን እንተወው፤ የኔ ልጅ ብየዳ ሊማር አይደለም የሚገባው። ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሻገራለሁ ነው የሚለው። ይሻገራል?

አማካሪዋ፦ እውነቱን ልንገርዎት?

ጋሼ፦ ለሌላ ለምን ጠራሁሽ?

አማካሪዋ፦ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት 80 በመቶ ያህሉ የአራት ዓመቱን ባችለርስ ዲግሪ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። የሚሻገሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለርሱን የሚይዙት ግን 16 በመቶ አካባቢ ናቸው።

ጋሼ፦ አሥራ ስድስት! ይኼን ይዘሽ ነው ልጄን ና ያልሽው?

አማካሪዋ፦ ከነዚህ ውስጥ በትርፍ ጊዜ የሚማረውም፣ ሦስት ልጅ ያለውም አለ፤ የርስዎ ልጅ የነሱ ሸክም የለበትም። ቢሆንም ዋናውን ምክንያት ይስሙኝ፤ ስንፍና አይደለም፣ የክሬዲት መጥፋት ነው። የፌዴራሉ የተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። አንድ ተማሪ እኔ ጋ መጥቶ ነበር፤ ለሁለት ዓመቱ አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ይበቃል፣ እሱ ከ70 በላይ ይዟል። ጓደኛው ውሰድ ያለውን ወሰደ፣ ክፍት ያገኘውን ክፍል ወሰደ። ዩኒቨርሲቲው ወረቀቱን ሲያይ ሳይኮሎጂውንና ስታቲስቲክሱን ተቀበለ፤ ከቀረው ብዙውን «ነጻ ምርጫ» ብሎ መዘገበው። ነጻ ምርጫ ማለት ክሬዲቱ ወረቀት ላይ አለ፣ ለሜጀሩ ግን አይሠራም ማለት ነው። ልጁ ኢንጂነሪንግ ነበር የሚፈልገው፤ ካልኩለስ ሁለትን ገና አልነካም።

ጋሼ፦ እናንተ አማካሪዎቹ ያኔ የት ነበራችሁ?

አማካሪዋ፦ ለብዙ መቶ ተማሪ አንድ ሆነን። መጀመሪያ ቀን አላየሁትም፤ ያየሁት ሲጠፋበት ነው። መግባት ቀላል ነው ጋሼ፤ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ሞልቶ፣ ይገባል። በሩ ክፍት ነው እንላለን፣ እውነትም ክፍት ነው። ከገባ በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ምልክት የለም።

ጋሼ፦ ዩኒቨርሲቲዎቹስ አይጠየቁም? የሚጥሉት እነሱ ናቸው እኮ።

አማካሪዋ፦ ሜሪላንድ በ2021 ሕግ አውጥታለች፤ ተቀባዩ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ከከለከለ ምክንያቱን ለተማሪውና ለላከው ኮሌጅ መግለጽ አለበት። ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን በጣም ነው የተጠቀምኩበት። ከዚያ የሚሻለው ስምምነቱ ከመጀመሪያው ቀን ሲሆን ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ቫሌንሺያ ኮሌጅ ከ2006 ጀምሮ ከሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቷል፤ አሶሼቱን የጨረሰ ተማሪ እዚያ ቦታ አለው። ቨርጂኒያ ላይ ሰሜን ቨርጂኒያና ጆርጅ ሜሰን በ2018 አድቫንስ የሚባል ጀመሩ፤ ተማሪው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲገባ የአራት ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር ይይዛል፣ አማካሪውም እስከ መጨረሻው አይለየውም።

ጋሼ፦ ለምን ራሳችሁ ባችለርስ አትሰጡም? መለማመጡ ለምን አስፈለገ?

አማካሪዋ፦ የሚሰጡ አሉ። ፍሎሪዳ ከ2001 ጀምሮ ፈቅዳለች፤ ካሊፎርኒያ በ2014 በሙከራ ጀምራ በ2021 ቋሚ አደረገችው። ለነርሲንግና ለመሰል ሙያ ጥሩ ነው፤ ያቺ ልጅ ከሰፈሯ ሳትወጣ ትጨርሳለች። ኮሌጁ ሁሉ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ መሆን ሲጀምር ግን እሰጋለሁ። እንግሊዝኛ የሚማረውን፣ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጀውን ማን ይቀበለዋል?

ጋሼ፦ ስለ እንግሊዝኛ ካነሣሽ፣ ያ አዲስ አበባ አካውንቲንግ ጨርሶ የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ስንት ጊዜ ነው ኢኤስኤል ሲማር የከረመው!

አማካሪዋ፦ እሱም ከቀድሞው አሠራር የመጣ ጣጣ ነው። ፈተና ይሰጡታል፣ ክሬዲት በሌለው ክፍል ይደረድሩታል፣ ይከፍላል፣ ወደፊት ግን አይሄድም። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ይህን ቆርጣዋለች፤ ተማሪው በቀጥታ ክሬዲት ያለው ክፍል ይገባል፣ ድጋፉ በጎን ይሰጠዋል። የጎረቤታችን ልጅም አካውንቲንግ ያውቃል፤ በእሱ ይፈተንና የሚያውቀው ይቆጠርለት።

ጋሼ፦ እሺ ይሁን። ግን ልጄ በስልኩ የማይጠይቀው ነገር የለም፤ ያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የምትሉት ማሽን ሁሉን ይመልስለታል። ኮሌጅ ራሱ ምን ያደርጋል?

አማካሪዋ፦ ማሽኑ አናቶሚ ያስረዳል፤ መርፌ መውጋት አያለማምድም። እኛ ደግሞ ከማሽኑ ሌላ ጉዳት ደርሶብናል፤ በኦንላይን ክፍሎች አጭበርባሪዎች ለፌዴራል ገንዘብ ሲሉ በማሽን እየታገዙ በሰው ስም የሚያስመዘግቧቸው የሌሉ ተማሪዎች አሉ። ካሊፎርኒያ ክፉኛ ተቸግራለች። እውነተኛው ተማሪ ቦታ ሞልቷል ይባላል።

ጋሼ፦ አጭበርባሪ የሌለበት ነገር የለም። እኔን አሁን ልጄን ምን ልበለው?

አማካሪዋ፦ ሦስት ነገር ያስጨርሱት። መጀመሪያ የት ዩኒቨርሲቲ፣ ምን ሊማር እንደሚፈልግ ይወስን፤ ኮሌጁን ከዚያ ወደ ኋላ ነው የሚያቅደው። ቀጥሎ፣ ኮርስ ከመመዝገቡ በፊት ይህ ኮርስ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ለሜጀሬ ይቆጠራል ወይ ብሎ በኢሜይል ይጠይቅ፤ መልሱን ያስቀምጥ። በቃል የተነገረው ኋላ አይገኝም። ከዚያ እርስዎ ደግሞ በሴሚስተሩ አሥራ አምስት ክሬዲት እንዲይዝ፣ ሥራ እንዳያበዛ ይቆጣጠሩት። በሚቆጥበው ገንዘብ ልክ የሥራ ሰዓቱን ይቀንስ።

ጋሼ፦ ይሁን። ከቅዳሴ በኋላ ለሚጠይቀኝም የዋጋውን ልዩነት እነግረዋለሁ፤ ሐበሻ ቁጥር ሲሰማ ዝም ይላል። አንቺስ፣ ገንዘብ ቢሰጡሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

አማካሪዋ፦ ሕንፃ አልሠራም። አማካሪ እቀጥራለሁ፣ የማታና የቅዳሜ ቤተ ሙከራ እከፍታለሁ፣ ለትንሽ ዕዳ ምዝገባ መዝጋቱን አስቀራለሁ፣ ግቢው ውስጥ የልጆች መዋያ እስከ ማታ እንዲሠራ አደርጋለሁ። ግን ወሳኟ እኔ አይደለሁም። ሜሪላንድ ላይ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ገንዘብ ከስቴቱ፣ ከካውንቲውና ከተማሪው ኪስ ነው የሚመጣው፤ የካውንቲውን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።

ጋሼ፦ እኔ በዚህ ምን አገባኝ?

አማካሪዋ፦ ግብር ይከፍላሉ፣ ይመርጣሉ። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት በየጸደዩ የሕዝብ ስብሰባ አለ፤ ማንም ነዋሪ ቀድሞ ተመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። ስለ መንገድ፣ ስለ ሃይስኩል፣ ስለ ፓርክ የሚናገር ሞልቷል። ለኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚቆመው የኮሌጁ ሠራተኛ ነው፤ ተማሪው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስንት ሐበሻ እንዳለን ያውቃሉ፤ በብዙው ቤት ውስጥ በእነዚህ ኮሌጆች ያለፈ ወይም እየተማረ ያለ ሰው አለ። የምክር ቤት አባላቱ ግን አያውቁንም። የነርሲንግ መግቢያ ኮርሶች በማታና በቅዳሜ ይከፈቱ ብለው ይናገሩ፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ እኔ አለሁ። ምዝገባው ሲከፈት እደውልልዎታለሁ፤ እርስዎም ብቻዎን እንዳይመጡ፣ ያንን የጎረቤታችንን ልጅና ከቅዳሴ በኋላ የሚጠይቁዎትን ነርሶች ሁሉ ይዘዋቸው ይምጡ።